ስልክ ግጥም አይቀበልም

ሰው ሁሉ የሚመኘው ዘፋኝ አለው። «ምነው አንድ ቀን በዓይኔ ባየሁት» ይላል። አንዱ የሞተውን ይመኛል፣ አንዱ ያልሞተውን። እኔ ይህ ነገር አይገባኝም ነበር። ድምፁን ከሰማህ ፊቱን ምን ልታደርገው ነው? እያልኩ ስንቱን ልጅ ኩም አድርጌያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ኩም ማድረግ ወደ እኔ ስለዞረበት እሑድ ነው። የሚያኮራ ነገር የለበትም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በየነ እባላለሁ። ቤይሩት የገባሁት በጎልማሳነቴ፣ በዕቃ መርከብ ላይ የወጥ ቤት ረዳት ሆኜ ነው። መርከቡ ተበላሽቶ ወደቡ ላይ ሲቀር ጓደኞቼ ወደ አገር ተመለሱ። «ና እንሂድ» ቢሉኝ «መርከቡ ሳይሄድ አልሄድም» አልኩ። መርከቡን ቆራርጠው ብረቱን ሸጡት፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ጠባዬን ከዚህ ተረዱት።

ከዚያ በኋላ ፋናር በሚባል ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ናጡር ሆንኩ። ናጡር ማለት የሕንፃ ዘበኛ ነው። ደረጃ አጥባለሁ፣ የውሃ ሞተር አስነሳለሁ፣ ቆሻሻ አወጣለሁ፤ ማታ ከደረጃው ሥር ባለች ክፍሌ እተኛለሁ። በእኛ ሰፈር የሐበሻ ወንድ እንደ ልብ አይገኝም። የሞሉት ሴቶቹ ናቸው፣ ከወሎ የመጡ፣ ከጅማ የመጡ፣ ከጎጃም፣ ከአዲስ አበባ። ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ፀጉሩ የሸበተ አንድ ሐበሻ ካለ፣ ይፈልግም አይፈልግም ሽማግሌ ይሆናል። እኔ ደግሞ እፈልግ ነበር። ልጆቹ ሲጣሉ አስታርቃለሁ፤ ማዳም ስታስቸግራቸው ሄጄ እለምናለሁ። «ጋሽ በየነ ቃል ከሰጠ አለቀ» ይባል ነበር። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ሰዓዳ የመጣችው ከእስራኤልና ከሊባኖስ ጦርነት ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ወሎ፣ ከሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር። የምትሠራው እኔ ባለሁበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማዳም ሚርና ቤት ነው። እሑድ እረፍት አልነበራትም፤ ማዳሟ ስትወጣም ቆልፋባት ነበር የምትወጣው። ስለዚህ እኔና ሰዓዳ የተዋወቅነው በቅርጫት ነው። እዚህ አገር ሴቶቹ ከበረንዳ ላይ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ። ናጡሩ ዳቦውን ወይ አትክልቱን ይጨምርላቸዋል፣ ጎትተው ያወጡታል። ቅርጫቷ ወርዳ እስክትወጣ ድረስ ነበር ጨዋታችን። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እሷ በበረንዳው ብረት ላይ አጎንብሳ።

ሁልጊዜ ታንጎራጉር ነበር። ምንጣፍ ስታራግፍ ታንጎራጉራለች፣ መስታወት ስትወለውል ታንጎራጉራለች። የምታንጎራጉረው ሁሉ የአንድ ሰው ዘፈን ነው። ሰውየው ባለማሲንቆ ነው፣ የወሎ ሰው። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ጉዳይ እሱ እስከ ዛሬም አያውቀውምና።

አንድ ቀን «ሰዓዳ፣ ይህ ሰውዬ ምን ቢያዞርብሽ ነው?» አልኳት።

«አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው ነው የምመኘው፣ ጋሼ።»

እኔም የለመድኩትን አልኳት። «ስልክሽ ላይ አይደለም እንዴ? ቀን ከሌት ይዘፍንልሽ የለም?»

ቅርጫቷን መጎተቱን ተወችው። ቅርጫቷ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ስልክ ግጥም አይቀበልም» አለችኝ።

አማርኛ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ግን ልድገመው። አዝማሪ ፊት ከተቀመጥክ ግጥም ትሰጠዋለህ። «ተቀበል» ትለዋለህ፣ «እሺ» ይልሃል፣ ሁለት ስንኝ ትነግረዋለህ፣ እሱ በማሲንቆው ተቀብሎ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ያወርደዋል። ያንተ ቃል በሱ አፍ ይወጣል። ሰዓዳ የምትሰጠው ግጥም ነበራት።

ነገሩን ያወራችኝ በሌላ ቀን ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ፣ ቅርጫቷ በወረደች ቁጥር ትንሽ ትንሽ። እናቷ በሰፈሩ ለቅሶ ሲሆን ግጥም አውራጅ ነበሩ። የማንም ሰው ሬሳ ያለ እሳቸው ግጥም አይሸኝም ነበር። እሳቸው የሞቱ ጊዜ ሰዓዳ እዚህ ነበረች። ማዳም ቤት ግብዣ ነበር፣ ሳህን እያጠበች ስልኳ ጮኸ፣ ወንድሟ ነገራት። ስልኩን ኪሷ ከታ ሳህኑን አጥባ ጨረሰች፣ ፍራፍሬ አቀረበች። አላለቀሰችም። ማን ጋ ታለቅሳለች? ደረቷን የምትመታበት ለቀስተኛ የለ፣ የሚቀበላት የለ። ግጥሟን ግን ያኔውኑ ማጠቢያው ላይ ሆና ገጠመችው። ሁለት ስንኝ ነው አለችኝ። ለዚያ ባለማሲንቆ ሰጥታው፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት አንድ ጊዜ ቢያወርድላት፣ እናቷን ቀበረች ማለት ነው።

ግጥሙን ንገሪኝ ብላት «አይ ጋሼ፣ ከተነገረ በኋላ ምን ግጥም ይሆናል» ብላ ሳቀችብኝ።

እንግዲህ ብርቄ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ብርቄ ጃል ኤል ዲብ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ እንደኔው ቤይሩት ላይ ያረጀች፣ አፏ የማይዘጋ ሴት ናት። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው እሑድ ባለማሲንቆው ቤይሩት ይመጣል ብላ ነገረችኝ። አንጠልያስ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ የሰርግ አዳራሽ ነው የሚዘፍነው። ልጆቹ ማታ ስለማይወጡ በቀን ነው።

እኔ ወዲያው «ማዳም ሚርና ቤት ሽማግሌ እንገባለን» አልኩ።

«አንተ በየነ፣ ሴትዮዋን በሩ ላይ ጠይቃት፣ ኸላስ፣ በቃ። ልጇን ልትድርላት አይደለም» አለችኝ ብርቄ።

አልሰማኋትም። ቅዳሜ ጢሜን ተላጨሁ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ብርቄን ከኋላዬ አስከትዬ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ማዳም ሚርና ከፈተችልን። ደረጃ ሳጥብ እንጂ በኮት አይታኝ ስለማታውቅ ደነገጠች። ሳሎን አስገባችን፣ «ተቀመጡ» አለችን። ብርቄ ተቀመጠች። እኔ ቆምኩ።

«አሞ፣ ተቀመጥ» አለችኝ እንደገና፤ አሞ ማለት አጎቴ ነው።

«የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አልኩ። ዓረብኛዬ የደረጃና የቆሻሻ ዓረብኛ ነው፤ ብርቄ ተረጎመችው፣ እየሳቀች። ማዳም ወደ ብርቄ ዞራ «ማን ሞተ?» አለች።

ማንም አልሞተም ብለን ነገሩን አስረዳናት። ሰዓዳ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ መጋረጃው ይንቀጠቀጥ ነበር። ማዳም ትንሽ አሰበች። ሰዓዳ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም፣ ብትጠፋስ አለች። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ጉልበቴ አመመኝ፣ አልተቀመጥኩም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሳቀች መሰለኝ፣ «ኸላስ፣ ትሂድ። አሁን ተቀመጥ» አለች።

እዚህ ላይ ብቀመጥና ሻይዬን ጠጥቼ ብወርድ ይህን አልጽፍም ነበር። ማንም ስለ ሰዓት አላነሳም። ማዳም አላነሳችም። እኔ ግን ሽማግሌ ባዶ እጁን አይቀመጥም፣ ለተሰጠው ነገር ዋስ መሆን አለበት ብዬ፣ ሌባ ጣቴን ወደ በረንዳው፣ ወደ ባሕሩ ቀስሬ «ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅዎ ላይ አስረክባታለሁ። ዋሷ እኔ ነኝ» አልኩ። ብርቄ በእግሯ መታችኝ። ማዳም «እንዳልክ» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። ተቀመጥኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

እሑድ ሰዓዳ የብርቄን ቀሚስ ለብሳ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን ቀና ሳላደርግ አየኋት፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አይበልጥም። በሰርቪስ ታክሲ ተሳፍረን ስንወርድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝና ዝም አልኩ። ቆይቼ ብጠይቃት «እንዳይጠፋብኝ ነው» አለች። ግጥሙን እያለችው ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ያን ያህል ሐበሻ ባንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ተኳኩለው፣ ጫማቸውን እያወለቁ ይጨፍራሉ፤ የአንዷ ማዳም ስትደውል ልጅቷ ስልኳን ይዛ ሽንት ቤት ትገባና «አዎ ማዳም፣ ቤተክርስቲያን ነኝ» ትላለች፤ ሙስሊሟም እንደዚያው ትላለች። ሳቁ ሌላ ነው። ሰዓዳ ግን አልጨፈረችም። እየተሹለከለከች ሄዳ መድረኩ ጥግ፣ ባለማሲንቆው ይቀመጥበታል የተባለው በርጩማ ፊት ቆመች። ከዚያም አልተነቃነቀችም።

እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው።

የእኛ ሰው ዝግጅት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አንድ ልጅ በኪቦርድ ዘፈነ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር ፈለጉ። ከዚያ ያ የመጀመሪያው ልጅ ተመልሶ ዘፈነ። አስተዋዋቂው በየመሐሉ «ዋናው እንግዳችን እየመጡ ነው» ይላል። ብርቄ ለካስ ዘዴውን ታውቃለች፤ ዋናውን መጨረሻ ላይ የሚያመጡት ሰው እንዳይሄድባቸው ነው አለችኝ። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ። ወደ ባሕሩ እየወረደች ነው፣ ቀላች። ሰው እየጨፈረ እኔ ላብ ያጠምቀኛል። የማስበው ስለ ማዳም ሚርና ነው። በሩ ላይ ቆማ «ሐበሻ ቃል የለውም» ስትል ይታየኛል።

ፀሐይዋ ውሃውን ስትነካ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ዞር ስል ባለማሲንቆው በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ጭራውን ይወጥራል፣ ደጋኑን ይሞክራል፣ ከፊት የቆሙትን ሴቶች ያያል። ገና አንድ ዘፈን አልዘፈነም። ሰዓዳ ከሱ አንድ ክንድ አትርቅም።

ተነሣሁ። ሴቶቹን በክርኔ እየገፋሁ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ።

«እንሂድ።»

አየችኝ። ያላወቀችኝ ነበር የሚመስለው። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ወጣ።»

«ፀሐይዋ ገባች።»

«ጋሼ፣ ማዳሜ እኮ...»

«አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ቃሌን ነው የሰጠሁት።»

ብርቄ ከኋላዬ ደርሳ ኮቴን ያዘችኝ። «በየነ፣ የሰው አምላክ ይይህ፣ አንድ ዘፈን ትስማ። ግጥሟን ትስጥና ውሰዳት።»

«አንድ ካልኩ ሁለት ትላላችሁ» አልኳት። ይህን ያለው አፌ ነው።

ባለማሲንቆው ከላይ ሆኖ ሲመለከተን ቆይቶ «አባት፣ ሙሽራዋን ሳንዘፍንላት ይዘዋት ሊሄዱ ነው?» አለ በማይክራፎኑ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰዓዳ ሻሿን ወደ ግንባሯ አወረደች። ከዚያ በኋላ መጎተት አላስፈለገኝም፣ በራሷ እግር ተከተለችኝ። ደረጃው ላይ ስንደርስ የማሲንቆው ድምፅ ከኋላችን ተነሣ። ቆመች። እኔም አንድ አፍታ ቆምኩላት። እንደ ትልቅ ውለታ ነበር የቆጠርኩት።

ታክሲ ውስጥ እኔ ነበርኩ የማወራው። ሰው ከሁሉ በፊት መታመን አለበት አልኳት፣ ዛሬ በሰዓቱ ከገባሽ ማዳምሽ ሌላ ጊዜ ትፈቅድልሻለች፣ ኋላ ታመሰግኚኛለሽ። እሷ በመስኮቱ ታያለች። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ዳገቱን ወጣን፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን፣ ደወሉን ተጫንኩ። ኮቴን አስተካከልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፤ «እነሆ፣ እንደ ቃሌ» ልል ነው።

ማንም አልከፈተም። እንደገና ደወልኩ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቤቱ ጭር ብሏል።

«ከነሱ ቀድመን መጣን!» አልኩ፣ ኮርቼ።

ሰዓዳ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ከቀሚሷ ውስጥ በክር የታሰረ ቁልፍ አወጣች። በሩን ከፈተችው።

እኔ ያን ቁልፍ አውቀዋለሁ። ማዳም ስትወጣ የምትቆልፍባት በሱ ነው። ጎረቤት እንኳ ነክቶት አያውቅም።

«ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«ማዳሜ፣ ዛሬ ጠዋት። ተራራ ቤት ሊሄዱ ነው፣ የሚመለሱት አምሽተው ነው። እንዳትቸኩይ፣ ሲያልቅ ነይ፣ አምኜሻለሁ ብላ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ አሉኝ።»

እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ገብታ መብራት አበራች። ሳሎኑ ያው የትናንቱ ሳሎን ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። ዞራ አየችኝ፣ እኔ አሁንም እንደቆምኩ ነኝ።

«ይግቡና ይቀመጡ፣ ጋሼ። ደክሞዎታል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ዛሬም አይቀመጡም?»

ለማላገጥ አይደለም ያለችው። ብታላግጥ ይሻለኝ ነበር።

ስልኬ ያን ጊዜ ጮኸ። ብርቄ ናት። ማሲንቆውና ጭብጨባው ድምፅዋን ውጦታል። «ስጣት! ግጥም እየተቀበለ ነው፣ ፊቱ ነኝ። ለኔ ትንገረኝ፣ እኔ እሰጥላታለሁ» ትላለች። የተፈታሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ስልኩን ዘረጋሁላት፣ «በይ ቶሎ በይ፣ ለብርቄ ንገሪያት» አልኳት።

ሰዓዳ ስልኩን ተቀበለችኝ። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ማሲንቆው በዚያ በጭር ቤት ውስጥ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ትንኝ ሆኖ ይሰማል። አዳመጠች። ከዚያ «እትዬ ብርቄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅር» አለችና ዘግታ መለሰችልኝ።

«ለምን?»

«መርዶዋን በስልክ ሰማሁ፣ ጋሼ። ለቅሶዋንም በስልክ አላደርገውም።»

ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበ ሳህን ይሁን ያልታጠበ አላውቅም። እዚያ በር ላይ ሆኜ ነው ያዳመጥኩት። ማልቀሷን እጠብቅ ነበር፣ ብታለቅስ የማጽናናት ሥራ ይኖረኛል። አላለቀሰችም። ምንም የምሠራው አልነበረኝም። በሩን ዘግቼ ወረድኩ።

ማዳም ሚርና ከነልጆቿ ስትመለስ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እንዳየችኝ «አሞ፣ ዝግጅቱ ቀረ እንዴ?» አለች። አልቀረም፣ እንደ ቃሌ አመጣኋት አልኩ። ሴትዮዋ ከረጢቷን እንደያዘች ቆመች። «ለምን? ቁልፍ ሰጥቻት ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ወደ ላይ፣ መብራቱ ወደሚታይበት መስኮት አይታ «ያ ሀራም» አለች። ያሳዝናል ማለት ነው። በልጅቷ ላይ ስትቆልፍ ኖራለች ብዬ የማማት ሴት፣ ከኔ በፊት አዘነችላት።

በማግስቱ ቅርጫቷ ወረደች። «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለች ሰዓዳ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዳቦውን ጨመርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከሄደች ድረስ አንድም ቀን ሰላምታዋን አልቀነሰችም፤ አንድም ቀን ግን ስታንጎራጉር አልሰማኋትም። መስታወቱን በዝምታ ነው የምትወለውለው። እኔ ከታች ደረጃ እያጠብኩ ጆሮዬን እሰጣለሁ። የሚሰማው የጨርቁ ጩኸት ነው። አንድ ቀን ጨከንኩና «ሰዓዳ፣ ግጥሙን ንገሪኝ፣ ሰውየው ሲመጣ እኔ እሰጥልሻለሁ» አልኳት። ቅርጫቷን ስባ አወጣች። «አለፈ፣ ጋሼ» አለችኝ። ውሏ ሲያልቅ ወደ አገሯ ገባች። ሻንጣዋን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ጉልበቴን ስማ ሄደች። ያ መሳም እስከ ዛሬ ጉልበቴ ላይ አለ።

ዓመታት አልፈው ባለማሲንቆው እንደገና መጣ። ብርቄ እንዳልሄድ ለመነችኝ። ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ምናልባት ሰዓዳ ያን ቀን ያላየችውን እኔ በዓይኔ አይቼ ምን እንደቀረባት ልወቅ ብዬ ይሆናል። መድረኩ ጥግ፣ እሷ የቆመችበት ላይ ቆምኩ። አየሁትም። አንዲት ልጅ «ተቀበል» አለች፣ ስለ ወንድሟ ሁለት ስንኝ ሰጠችው። ሰውየው ዓይኑን ዓይኗ ላይ ተክሎ፣ ወደሷ ጎንበስ ብሎ፣ ያን ቃል እንደ ሕፃን ተቀብሎ አወረደው። ልጅቷ እዚያው ፊቱ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ ዙሪያዋ የቆሙት ሴቶች ያዟት፣ እነሱም አለቀሱ። ለካ ፊቱን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ከረፈደ።

ሳላስበው እጄን አነሣሁ። «ተቀበል» አልኩ።

ሰው ዝም አለ። ሽማግሌ ሲናገር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ባለማሲንቆው ወደኔ ጎንበስ አለ፣ «እሺ፣ አባት» አለ። አላወቀኝም። ማይክራፎኑን ወደ አፌ አስጠጋልኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ምን ልስጠው? ግጥሙ የሰዓዳ ነው፣ እኔ አላውቀውም።

«ይስጡኝ እንጂ፣ አባት፣ እየጠበቅን ነው።»

«ባለቤቷ የለችም» አልኩ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። «ቃሏን ይዛው ሄዳለች።»

ሰውየው አንድ አፍታ አየኝ። አዝማሪ አይደል፣ ከጠብታ ወንዝ ይሠራል። ማሲንቆውን ገዝገዝ አደረገና አወረደው፤

ቃሏን ይዛው ሄዳ የቃሉ ባለቤት፣
ምን ፍለጋ መጡ ሽማግሌው ከቤት?

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ልጆቹ «ጋሽ በየነ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ፣ አንዷ ፎቶ አነሣችኝ። የፍቅር ነገር መሰላቸው፣ ድሮ ያፈቀራት ሴት ናት አሉ። እኔ ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅኩ። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም፤ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ፣ እኔ ሰዓዳን ባወጣሁባት በዚያችው ደረጃ።

እንግዲህ አንባቢዎች፣ ቃል መጠበቅ ክፉ ነው አልላችሁም። ግትር ነኝ፣ ዛሬም ቃል ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ያን ቀን የጠበቅኩት የማንን ቃል ነው? ማዳም ያልጠየቀችኝን፣ ሰዓዳ ያላለችውን፣ እኔው ራሴ ለራሴ ክብር የሰጠሁትን። የልጅቷን ቃል ግን፣ እናቷን የምትቀብርበትን፣ አፏ ላይ እያለ «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አልኳት። ሽማግሌ ነን የምትሉ ካላችሁ፣ ለሰው ልትለምኑ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትለምኑለትን ሰው ጠይቁት። ምን ያህል ጊዜ ትፈልጋለህ በሉት። እኔ አልጠየቅኋትም።

ሰዓዳን የምታውቋት ብትኖሩ ይቅርታ በሉልኝ አልላችሁም፤ እሷ ይቅር ያለችኝ ያኔውኑ «ደክሞዎታል» ስትለኝ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ግጥሟንም እንዳትጠይቁልኝ። የሷ ነው።

አሁንም ፋናር ነኝ። ልጆቹ ሲጣሉ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። ገና ከበሩ ሳልገባ ግን ወንበር እፈልጋለሁ። ተቀመጥ ሲሉኝ እቀመጣለሁ፣ ሳይሉኝም እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬም እሰማለሁ።